የሐሙስ ዳዊት፦ ስለማይመረጥ ጸሎት

አማርኛ ሁለት ተቃራኒ ሥራዎችን በአንድ ግሥ ይጠራል። ጧት ተነሥቶ ፊቱን ታጥቦ፣ ነጠላውን መስቀለኛ አጣፍቶ፣ መጽሐፉን ከማኅደሩ አውጥቶ ወደ ምሥራቅ የቆመ ሰው «ዳዊት ይደግማል»። ሌሊት በሩን ዘግቶ፣ የባላንጣውን ስም እየጠራ ያንኑ መጽሐፍ የሚያነብም «ይደግማል»፤ የዚህኛው ሥራ ስሙ ድግምት ነው። ግሡም መጽሐፉም አንድ ነው። ሁለቱን ሰዎች የምትለያቸው አንዲት ቅጥያ ናት፦ ደገመለት፣ ደገመበት። ቋንቋው ይህን ያህል ጠንቅቆ ከለየው፣ ስለ ዳዊት መድገም የምንጽፍና የምናስተምር ሰዎች አለመለየታችን ያሳዝነኛል።

ይህን ዳሰሳ ያስጻፈኝ ልማዱ ከሁለት ወገን ያላግባብ የሚፈረድበት መሆኑ ነው። አንደኛው ወገን የተማረው ነው። ግእዝ ያልተማረ ምእመን በየጧቱ ግእዝ ሲያነብ ያይና «ሳይገባው ያነበንባል» ይላል፤ ማነብነብ ደግሞ በአማርኛ የንቀት ቃል ነው። በዚህ ወገን አስተያየት ሰው በእምነቱ የሚያድገው በሚገባው ቃል፣ በስብከትና በጥናት ነው። ሁለተኛው ወገን አመስጋኙ ነው። ዳዊት ጋሻ ነው፣ አጥር ነው፣ አጋንንት ያርቃል፣ ገበያ ያቀናል ይላል። አንደኛው የቃሉን ትርጉም ያያል፤ ሁለተኛው የቃሉን ኀይል። ቀኑን ያየ የለም። እኔ የምለው ደጋሚውን ቀስ በቀስ የሚሠራው ቀኑ ነው፦ መጽሐፉ ለሳምንቱ ቀኖች መከፈሉ፣ አንባቢውም የዛሬ ንባቡን ራሱ አለመምረጡ።

የተለመደውን አከፋፈል የማያውቅ አንባቢ ጥቂት ነው፤ ቢሆንም ቁጥሩ ለክርክሬ ስለሚያስፈልገኝ ላስቀምጠው። ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150፤ እሑድ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ ዘሰሎሞን። አሥር መዝሙር አንድ ንጉሥ ይባላል፤ 150ው መዝሙር 15 ንጉሥ ነው። ስለዚህ ሰኞ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ሦስት ሦስት ንጉሥ ሲደርሳቸው ረቡዕ፣ ዓርብና ቅዳሜ ሁለት ሁለት ይደርሳቸዋል። ዓርብ ለምን ሁለት ብቻ እንደ ሆነ ለመገመት መጽሐፉን መግለጥ ይበቃል፤ በ22 የዕብራይስጥ ፊደላት ስም የተከፈለው፣ 176 ቁጥር ያለው መዝሙር 118 የሚገኘው እዚያ ነው። (ቁጥሩን ሁሉ የምሰጠው በግእዙ አቆጣጠር ነው፤ በምጠቅሳቸው መዝሙራት ሁሉ ማለት ይቻላል የዕብራይስጡ በአንድ ይበልጣል።) አከፋፋዩ የሰውን አቅም የሚያውቅ ይመስላል፤ ሐሙስ ላይ ግን ጨክኗል። ሐሙስን ቆይቼ በሰፊው እመለስበታለሁ።

ታሪኩ የታወቀ ነውና አላትትም። በግእዝ የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ ዳዊት መሆኑ፣ የታተመውም በሮም በ1513 እ.ኤ.አ. መሆኑ በየቦታው ተጽፏል። አሳታሚው ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን ወደ ቋንቋው የተሳበው በሮም የነበሩ ኢትዮጵያውያን ሲጸልዩ ሰምቶ ነው፤ ቋንቋውንም ከለዳዊ አድርጎ ቆጥሮት ነበር። የቋንቋውን ስም እንኳ ሳያውቅ ድምፁ ስቦታል። ከዚያ ወዲህ ያለው ምርምር ግን ድምፁን ትቶ ብራናውን ይዟል። በሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል የተከማቸው የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም፣ ጌታቸው ኃይሌም ብዙ ዘመን የደከሙበት የካታሎግ ሥራ፣ ለሁላችንም ውለታ ነው። ይሁንና ካታሎግ ዳዊት ላይ ሲደርስ ቃሉ ያጥራል፦ መዝሙራት፣ ጸሎተ ነቢያት፣ መኃልየ መኃልይ፣ ውዳሴ ማርያም፣ አንቀጸ ብርሃን፤ ከዚያ የብራናው ልክና የባለቤቱ ስም። መጽሐፉ ስለ በዛ ተናቀ።

የሚገርመው፣ ማይክሮፊልሙ የተቀመጠበት የቅዱስ ዮሐንስ ግቢ የቤነዲክት መነኮሳት ገዳም መሆኑ ነው። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈው የቤነዲክት ሥርዓት መነኮሳቱ 150ውን መዝሙር በሳምንት ውስጥ እንዲያዳርሱ ያዛል። ያ ሥርዓት ለመነኮሳት የተጻፈ ነው፤ ደወል አለው፣ ማኅበር አለው፣ የሚያነቃ አለቃ አለው። እኛ ዘንድ ግን የሳምንቱን ዳዊት ገበሬው፣ ነጋዴው፣ ወታደሩ ወደ ቤቱ ይዞት ገብቷል። ደወሉ የዶሮ ጩኸት ነው፤ አለቃውም ሕሊናው። ከማሳው በፊት ሠላሳ መዝሙር የሚያደርስ ገበሬ ያፈራ አገር ስለዚህ ገበሬ ያልጻፈው ለምንድን ነው?

«ሳይገባው ያነበንባል» ወደሚለው ክስ ልግባ። ልጁ ፊደል ቆጥሮ፣ በግእዝ ንባብ ፊደሉን አንድ በአንድ እየጠራ፣ በውርድ ንባብ አዚሞ፣ በቁም ንባብ አቅንቶ ዳዊት ላይ ይደርሳል። ዳዊት ሲደግም ቤተሰቡ ይደግስለታል። በዚህ ሁሉ ጊዜ መምህሩ ትርጉም አይጠይቀውም፤ የሚያርመው ተነሹን፣ ወዳቂውን፣ ሰያፉንና ተጣዩን ነው። ወዳቂውን ያነሣ፣ ተነሹን የጣለ ልጅ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። ዘመናዊ አስተማሪ ይህን አይቶ ባዶ ድምፅ ነው ቢል አልፈርድበትም። ነገር ግን እዚያ የሚቀናው ጆሮ ነው። ልጁ የራሱን ስሜት ቃሉ ላይ ከመጫኑ በፊት ቃሉ እንዴት እንደሚወጣ ይማራል፤ የሚያነበው ነገር ከእሱ በፊት የነበረ፣ ከእሱም በኋላ የሚኖር መሆኑን በምላሱ ያውቀዋል።

ትርጉሙም ቢሆን በራሱ ጊዜ ይመጣል። አማርኛ ተናጋሪ ግእዝ ሲያነብ ጭራሽ ባዕድ ቋንቋ የሚያነብ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው። አንድ ቃል ላሳይ፦ መሐረኒ። ልጁ ለዓመታት እንደ ድምፅ ብቻ ይለዋል። አንድ ቀን፣ ምናልባትም መጽሐፉ በእጁ በሌለበት ሰዓት፣ ከአለንጋ ሲሸሽ «ማረኝ» ብሎ ሲጮኽ ራሱን ይሰማል። ሐው ጠፍቷል፣ ኒ ኝ ሆኗል፤ ቃሉ ግን ያው ነው። ከዚያ በኋላ መጽሐፉ አያርፍለትም። ስምዐኒ ስማኝ ይሆናል፤ አድኅነኒ አድነኝ ይሆናል። ዳዊት በአብዛኛው የሚለምነው እነዚህኑ ሦስት ነገሮች ነውና ሦስቱ የተከፈቱለት ልጅ ብዙ ገጽ ተከፍቶለታል። ይህ ዓይነቱ መረዳት በስብከት ከሚገኘው ይለያል። ሰባኪው ያስረዳህን ሰባኪው ሊያስረሳህ ይችላል፤ ራስህ በአፍህ ይዘኸው ኖረህ አንድ ቀን የበራልህን ቃል ግን ማን ይወስደዋል?

ይህን ስል ለግእዝ ጥብቅና መቆሜ አይደለም። በአማርኛ የሚደግም ሰው የዕለቱን እስካደረሰ ድረስ ልማዱ አልጎደለበትም ባይ ነኝ፤ ብዙ ካህናት እንደማይወዱልኝም አውቃለሁ። ግእዝን በየመድረኩ ሲያሞግሱ የሚውሉ፣ በሰፈራቸው ግን አንድ ልጅ ቁም ንባብ ያላደረሱ መምህራን ብዙ ናቸውና ወቀሳቸው አይከብደኝም። ቋንቋው ያምራል፤ ሥራውን የሚሠራው ግን ተራው ነው።

ስለ ተራው አትናቴዎስን ላንሣ። አባ ሰላማን ጵጵስና ሾሞ የላከልን የእስክንድርያው አትናቴዎስ ለማርቄሊኖስ በጻፈው መልእክት መዝሙርን ከሌሎቹ መጻሕፍት ይለየዋል። ሌላውን መጽሐፍ የሚያነብ ሰው የሌላ ሰው ቃል ይሰማል፤ መዝሙር የሚያነብ ግን ቃሉን እንደ ራሱ ቃል አድርጎ ይናገረዋል፣ እንደ መስተዋትም ነፍሱን ያይበታል ይላል። አስተዋይ ሐሳብ ነው፤ ከዚያ በኋላ የመጡ አብዛኞቹ የመዝሙር መምህራን የሚኖሩት በዚህ ሐሳብ ነው። ነገር ግን በዚያው መልእክት አትናቴዎስ እንዲህ ያለ ነገር ቢደርስብህ ይህን መዝሙር፣ እንዲያ ቢሆን ያንን በል እያለ ረዥም ዝርዝር ያወርዳል። መምረጥን የሚደግፍ ሰው ከእሱ የበለጠ ምስክር አያገኝም፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም።

ችግሩ ያለው መስተዋቱ ላይ ነው። መስተዋት የሚያሳየው የቀረበለትን ፊት ነው። የከፋው ሰው የኀዘን መዝሙር ቢመርጥ የከፋውን ፊቱን ያያል፤ የፈራ የጥበቃ መዝሙር ቢመርጥ ፍርሃቱን ያያል። ዕድሜ ልኩን ቢመላለስ ይዞት ከመጣው ፊት ሌላ አያገኝም። የቀኑ ተራ ግን ያልተዘጋጀበትን ፊት ያመጣበታል። ልጁ ያገባለት ሰው በማግሥቱ ሐሙስ ከሆነ፣ ጨለማ ውስጥ የተጣለ ሰው የሚጮኽበትን መዝሙር 87 በ«እኔ» ይለዋል። ሬሳ ቀብሮ ያደረ ሰው ቅዳሜ ከሆነ፣ ከበሮና መሰንቆ የሚጠራውን 150ኛውን ይላል። የማን ኀዘን ነው? የማን ደስታ ነው? የአንድምታ መምህራን ለዚህ የቀረበ ነገር አላቸው፤ ከመዝሙራቱ ብዙውን ዳዊት ስለ ራሱ ብቻ አልተናገረውም፣ በኋላ ዘመን ስለሚነሡት ስለ ሕዝቅያስ፣ ወደ ባቢሎን ስለ ተማረኩት፣ ስለ መቃብያን ተናገረው እያሉ ይተረጉማሉ። ንጉሡ በሌላ ሰው አፍ «እኔ» ብሎ ከነበረ፣ ደጋሚውም በየጧቱ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። መንፈሳዊ ዕድገት የሚባለውን ነገር እኔ ከዚህ የተሻለ አድርጌ መግለጽ አልችልም፦ ያልደረሰብህን የሌላውን ኀዘን «እኔ» ብለህ መናገርን እስክትለምድ ድረስ መደጋገም።

አሁን ወደ ሐሙስ። ከዘጠነኛው እስከ ዐሥራ አንደኛው ንጉሥ ያለው የሐሙስ ንባብ ከቀኖቹ ሁሉ የከበደ ነው፤ በርዝመቱም በሚያመላልሰውም። የሚጀምረው በ81ኛው፣ ለድኻው ያልፈረዱ ዳኞች በሚወቀሱበት መዝሙር ነው። ደጋሚው ገና ሳይሞቀው ችሎት ፊት ይቆማል። ጥቂት አልፎ 87 አለ፤ ከመዝሙራት ሁሉ በጩኸት ጀምሮ በጨለማ የሚያልቅ፣ መጽናኛ ያልተጨመረበት እሱ ነው። አብዛኞቹ የልቅሶ መዝሙራት መጨረሻ ላይ ቀና ይላሉ፤ ይህኛው አይልም። 88 ደግሞ ለዳዊት ቤት የተሰጠው ኪዳን ፈረሰ ወይ ብሎ እግዚአብሔርን በረዥሙ ይሞግታል። 89 የሙሴ ጸሎት ነው፤ የሰውን ዕድሜ ይቆጥራል። ከዚያ በኋላ ብቻ ነው 90 የሚመጣው፤ በየቤቱ ሰው በቃሉ የሚያውቀው፣ በየአንገቱ በክታብ የሚንጠለጠለው የጥበቃ መዝሙር።

ይህን አቀማመጥ ልብ በሉ። 90ን ብቻውን ነቅሎ የሚያነብ ሰው የሚያገኘው ዋስትና ነው። በተራው የሚደርስበት ሰው ግን ወደ 90 የሚገባው በ87 ጨለማ፣ በ88 ሙግትና በ89 ዕድሜ ቆጠራ በኩል ነው። በአንድ ንጉሥ ውስጥ ናቸው፤ ብዙ ገጽ አይራራቁም። ጥበቃው የተነገረለት ሰው ያልተጠበቀውን ሰው ድምፅ ከአፍታ በፊት ሲያሰማ ነበር፤ ምላሱ ላይ ገና አልደረቀም። ከዚህ በኋላ 90ን እንደ ጥይት መከላከያ መቁጠር ይከብዳል። እኔ በዳዊት መጽሐፍ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ሥነ ጽሑፋዊ ቦታ አላውቅም፤ የሚታየው ግን ለሚደግመው እንጂ ለሚመርጠው አይደለም።

ዐሥራ አንደኛው ንጉሥ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። 104 እና 105 የእስራኤልን ታሪክ ሁለት ጊዜ ይተርካሉ። የመጀመሪያው እግዚአብሔር ያደረገውን ይቆጥራል፤ ሁለተኛው ያንኑ መንገድ መልሶ ሄዶ ሕዝቡ የበደለውን ይቆጥራል። አንድ ታሪክ በአንድ ጧት እንደ ምስጋናም እንደ ኑዛዜም ይነበባል። ዓመት ሙሉ ሐሙስ ሐሙስ ይህን ያደረገ ሰው የራሱን ዕድሜ በአንድ ወገን ብቻ መተረክ ያቅተዋል ብዬ አምናለሁ። ከዚያ ሁለት መዝሙር አልፎ 108 ይመጣል።

ስለ 108 አንባቢ ያውቃል። በጠላት ላይ፣ በሚስቱና በልጆቹ ላይ ጭምር የሚወርድ እርግማን ያለበት መዝሙር ነው። «ደገመበት» ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው እሱ ነው። ሊቃውንቱ ስለ ይሁዳ የተነገረ ነው ብለው ይፈቱታል፤ ገበያው ግን ሌላ ፍች አለው።

አያቴ ጎጃም ውስጥ ገበሬ ነበር። ንባብ ቤት ገብቶ ዳዊት ደግሞ፣ ከዚያ በላይ ሳይዘልቅ ወደ እርሻው ተመልሷል። የዐሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ ጎረቤታችን የድንበር ድንጋይ ነቅሎ ወደ እኛ ማሳ አስገባ። ነገሩ ከረረ። ሴቶቹ ምንጭ ላይ «መቼም ይደግምበታል» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የእኔ ሥራ ጧት ጧት ኩራዝ መያዝ ነበር፤ ዓይኑ ደክሞ ስለ ነበር መብራቱን ወደ ገጹ ማስጠጋት ነበረብኝ። እኔም ንባብ ቤት ስለ ነበርሁ ትልልቆቹ ልጆች ስለ 108 የሚያንሾካሹኩትን አውቅ ነበር። አንድ ቀን እዚያ ገጽ ላይ ሲደርስ እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ኩራዙ ጢሱን ፊቱ ላይ ለቀቀው። አላቋረጠም። ንጉሡን አድርሶ፣ አቡነ ዘበሰማያት ደግሞ፣ መጽሐፉን ተሳልሞ ወደ ማኅደሩ ሲከት «አባባ፣ ለእሱ ነው?» አልሁት።

«የሐሙስ ነው» አለኝ።

ነገሩን ሽማግሌ ያየው ከወራት በኋላ ነው፤ ከተወሰደው መሬት የተመለሰው ግማሹ ነበር። በእነዚያ ወራት ያች መዝሙር ፊት አልነበራትም ማለት አልችልም። ሰው ነው፤ በየሐሙሱ እዚያ ሲደርስ የጎረቤቱ መልክ ሳይመጣበት አይቀርም። ነገር ግን ከጠቡ በፊትም ሐሙስ ሐሙስ ብሏታል፤ ከዕርቁ በኋላም ብሏታል። ጠላት በሌለው ጊዜ የማንን ስም ይዞ ነበር የሚላት? በአንድ ሰው ላይ ለመድገም ቀን መምረጥ ያስፈልጋል፤ መዝሙሯን ከ107ና ከ109 መሐል መንቀል ያስፈልጋል። ቀኑን የማይመርጥ ሰው እርግማኑን ሁሉ ዕድሜውን ሙሉ ሲያነብ ኖሮ አንድ ሰው ሳይረግምበት ሊሞት ይችላል። በአማርኛ ጸሎትና ድግምት የሚለያዩበት መስመር ይህ ይመስለኛል፤ ቃሉ አንድ ሆኖ ሳለ መስመሩ የሚያልፈው በምርጫው ላይ ነው።

ስለዚህ ነው «ገቢር» እየተባለ የሚጻፈው ነገር የሚያስቆጣኝ። ይህን መዝሙር ለራስ ምታት፣ ያንን ለባለሥልጣን ፊት መወደጃ፣ ሌላውን ለገበያ፤ ይህን ያህል ጊዜ፣ በዚህ ሰዓት፣ በውሃ ላይ። ድሮ ደብተራው በብራና ጽፎ ይደብቀው ነበር፤ ዛሬ ከስልክ ወደ ስልክ ይተላለፋል፣ ለፈተና ማለፊያና ለቪዛ የሚሆነውም ተጨምሮበታል። ይህን የሚያሰራጩ ሰዎች ዳዊትን ያስፋፉ ይመስላቸዋል። መጽሐፉን ግን ቆራርጠው ቸርችረውታል። 87ን ለማንም ሲያዙት አላየሁም፤ ለምንም አይጠቅምማ። በገቢር ዝርዝር ውስጥ ቦታ ያጣው መዝሙር ምን ዓይነት እንደ ሆነ የሚያይ ሰው፣ ዝርዝሩ ምን ዓይነት ክርስቲያን እንደሚያፈራ ወዲያው ይገባዋል። ስለዚህ ነገር ዝም ያሉ መምህራን፣ በተለይም ዝርዝሩን ራሳቸው በቃል የሚያድሉ፣ ግእዝ ሳይገባው ከሚያነበንበው ገበሬ ይልቅ መጽሐፉን አያውቁትም።

የወንጌላውያን ምእመናን «የጥሞና ጊዜ» የሚሉት የጧት ልማድ ከገቢር ጋር መነጻጸር የለበትም፤ በቅንነት የሚደረግ፣ ትርጉሙ እየገባ የሚነበብ ነው። ቢሆንም ብዙ ጊዜ የሚነበበው ጥቅስ ለስሜት የተስማማው ይሆናል። እነሱም ይህን አውቀው ይመስለኛል መጽሐፍ ቅዱስን በዓመት የሚያዳርስ የንባብ ሰሌዳ የሚከተሉት። ሰሌዳ የያዘ ሰው አያቴ የገባው ነገር ገብቶታል።

ተራው ምን ያህል ጽኑ እንደ ሆነ የሚታየው ደግሞ ሳምንቱ በሚናጋበት አገር ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የዕረፍት ቀኑ ዓርብ ስለ ኖረ አብያተ ክርስቲያናት ብዙ ጊዜ ምእመኑን የሚሰበስቡት ዓርብ ነው። በሰው ቤት የምትሠራ እኅት ቅዳሴ የምታገኘው ከተፈቀደላት በዚያ ቀን ነው፤ እሑድ ወጥ ቤት ውስጥ ትውላለች። የቤተ ክርስቲያኑ ሳምንት ከአሠሪዋ ሳምንት ጋር ሲሸጋሸግ ዳዊቱ ግን አይሸጋሸግም። ሰኞ የትም አገር ሰኞ ነው። ሌሊት ብርድ ልብስ ውስጥ የስልኳን ብርሃን ቀንሳ የዕለቱን የምታደርስ ሴት፣ ሌላ ሰው ባዘዘላት ቤት ውስጥ አሠሪዋ ያላዘዘው አንድ ሰዓት አላት። ይህን የነገሩኝ ከአንድ በላይ ናቸው። እነዚህ ሴቶች አብዛኞቹ ንባብ ቤት አልገቡም፤ ያስገባቸው አልነበረም።

እዚህ ላይ ልማዱ ራሱ ይከሰሳል። ንባብ ቤት የወንድ ልጅ ቤት ሆኖ ኖሯል። ወንድሟ ዳዊት ሲደግም የድግሱን እንጀራ የጋገረች ልጅ በየመንደሩ ነበረች፤ በጆሮዋ ለቅማ ውዳሴ ማርያምን በቃሏ የያዘችም ብዙ ናት። ይህ ኪሳራ በምንም ውዳሴ አይሸፈንም። ሌላም አለ። አርባ ዓመት ደግሞ አንደበቱ ያልለሰለሰ፣ ልጆቹ የሚፈሩት፣ በሐሰት ምስክርነት የታወቀ ደጋሚ ሁላችንም እናውቃለን። ተራው ሰውን በግድ አይለውጥም። የንስሐ አባት የሌለው፣ ለድኻ እጁ የማይፈታ ሰው 81ኛውን በየሐሙሱ እያነበበ ድኻ ሲበድል ሊኖር ይችላል። እንዲህ ያለውን ሰው ግን ልማዱ ቢያንስ በሳምንት አንድ ጧት በራሱ አፍ ያስወቅሰዋል። ከዚህ በላይ ልማድ ምን ያድርግ?

በቅርቡ ሁለት የታተሙ ዳዊቶች ጎን ለጎን የማየት ዕድል ገጠመኝ። አንደኛው ከሞተ ደጋሚ ቤት የወጣ ነው፤ ሰውዬው በአካባቢው ተፈሪ ነበር። መጽሐፉ በአምስት በስድስት ቦታ ብቻ ራሱን ችሎ ይከፈታል። እዚያ ገጾቹ ጠቁረዋል፣ ጠርዛቸው ተበልቷል፤ በመካከል ያሉት ግን ንጹሕ ናቸው፣ አንዳንዶቹ እርስ በርስ እንደ ተጣበቁ ነው። 104 እና 105 አልተነኩም ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው የአያቴ ነው፤ አሁን እኅቴ ዘንድ አለ፣ እሷ በአማርኛው ታደርስና ግእዙን አጠገቧ ታስቀምጠዋለች። የቀኖቹን መነሻ ለመለየት በገጾቹ ዳር ክር ሰፍቶበታል፤ የሐሙሱ ቀይ ክር ተበጥሶ፣ ከጋቢው በመዘዘው ነጭ ክር ተተክቷል። ወረቀቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቡናማ ነው። በየቀኝ ገጹ ግርጌ የአውራ ጣት ጥቁረት አለ፤ ሰኞም ላይ፣ ዓርብም ላይ፣ 118 ላይ ጥቂት ጠቆር ብሎ። 108 ያለበትን ገጽ ፈልጌ ገለጥሁት። የጧፍ ጠብታ አለበት፤ ከዳር በኩል ኩራዝ ያጠቆረው ቦታ አለ፣ የእኔ እጅ ያደረሰው ይሆናል። ከ107ና ከ109 ገጾች ጋር አስተያየሁት። ሦስቱም ያው ናቸው።